ዌንደልን ለምን መለሱት?

ከሐረር የወጣነው መሸት ሲል ነው። ሸዋ በር ላይ ጉሊት ሻጮቹ የተረፋቸውን ዘይቱንና ጊሽጣ ጠቅልለው ሊነሱ ሲሉ፣ ባጃጆቹ እንደ ልማዳቸው መንገዱን ዘግተው ጡሩምባ ሲነፉ፣ እኔና ባለቤቴ ግርማ ሻንጣዎቻችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠናል። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ እየሮጡ መጥተው በመስኮት አንድ ፌስታል የባቢሌ ኦቾሎኒ ወረወሩልኝ። «ያዢ አቦ! እዚያ አገር ምን እንደሚበላ አይታወቅም። አላህ በሰላም ያድርሳችሁ!» እናቴ ግን አቦከር ካለው ቤታችን በር አልወጣችም። መኪና ሲርቅ ከኋላ ማየት አልወድም አለች። ግርማን አንገቱን ይዛ ሳመችው፣ እኔን ሳመችኝ፣ ከዚያ ልብስ ልታጥፍ ወደ ጓዳ ገባች። የሚታጠፍ ልብስ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ግርማ የሐረር–ድሬዳዋ ሚኒባስ ሹፌር ነበር። ያን ምሽት የሚነዳው ጓደኛው ቢሆንም ግርማ ተሳፋሪ መሆን አልቻለበትም። የደንገጎን ቁልቁለት ስንጀምር «ማርሽ ቀንስ! ኧረ ፍሬኑን ጨረስከው!» እያለ እስከ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ተጨቃጨቀ። ያኔ ሳቅኩበት። አሁን ሳስበው፣ ከዚያ ወዲህ ስለሚያውቀው ሥራ በሙሉ አፉ ሲናገር አልሰማሁትም።

እኔ ደግሞ አስቴር እባላለሁ፤ የስፖርት መምህርት ነበርኩ። ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ባለ ትምህርት ቤት ሴት ልጆችን መረብ ኳስ አሠለጥን ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ስለ አሜሪካ ኳስ ተናድጄ ስጽፍ «ይቺ ደግሞ ምን ታውቃለች?» እንዳትሉኝ ነው። ተናድጃለሁ። ውድድሩ ካለቀ ቆይቷል፣ እኔ ግን ሳህን ሳጥብ ሳይቀር ከአሰልጣኙ ጋር እጣላለሁ።

ዲቪ የደረሰው ለእኔ ነው። ያረፍንባት ከተማ ትልቅ ሐይቅ ዳር ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። የሐረር ሰው ብርድ ሲባል ጋራ ሃኪም ላይ በክረምት የሚነፍሰውን ነው የሚያውቀው። እዚህ ብርዱ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሐይቁ ራሱ ድንጋይ ሆኖ ሰው በላዩ መኪና ይነዳበታል። የምንከራየው ቤት ስንፈልግ ሌስተር የሚባል ሽማግሌ አገኘን። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ርቀዋል፣ ከከተማዋ ሥጋ ፋብሪካ ጡረታ ወጥቶ ብቻውን ይኖራል። የሚያከራየው ቤዝመንቱን፣ ማለትም ከቤቱ ሥር ያለውን ክፍል ነው። በር ላይ አቁሞ ጠየቀን።

«ውሻ አላችሁ?»

«የለንም።»

«እሁድ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን» አለ ግርማ፣ ደስ የሚለው መስሎት።

«ጥሩ። ከሰዓት በኋላስ?»

«ልብስ እናጥባለን» አልኩ እኔ።

ፊቱ ጠቆረ። «እሁድ ከሰዓት ልብስ አይታጠብም። ማሞቂያም አይበራም።»

«ሃይማኖትዎ አይፈቅድም?» አልኩት። ከልቤ ነው የጠየቅኩት።

«አዎ፣ አይፈቅድም» አለኝ።

ኋላ ነው የገባን። የቤቱ የመብራት መስመር አሮጌ ነው። የእኛ ማሞቂያና የእሱ ቴሌቪዥን አብረው ከበሩ ፊውዙ ይወድቃል። እሁድ ከሰዓት ደግሞ የከተማዋ ቡድን ይጫወታል። «ከእናንተ በፊት የነበረው ሰውዬ ማሞቂያ ለኮሰና ታችዳውን አመለጠኝ» አለን፤ ጎል ማለቱ ነው። «አሁን ሌላ ቦታ ነው የሚኖረው።» ሐረር መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ነው የሚጨልመው፤ ማንም በማንም አይቀናም። አሜሪካ መጥቼ በአንድ ሰው ቴሌቪዥን የተነሳ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እቀመጣለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። የመጀመሪያዋ እሁድ እንደዚያ ሆነን ስንንቀጠቀጥ ሌስተር ወለሉን በእግሩ ደበደበ። «ውጡ ወደ ላይ! እዚያ ልትሞቱብኝ ነው!» ወጣን። እኔም የአዴ ፋጡማን ኦቾሎኒ ይዤ ወጣሁ። የጀልበኞቹ ደጋፊ የሆንኩት እንዲህ ነው፤ በብርድ ምክንያት።

የቡድኑ ስም ፌሪመን ነው። እኔና ግርማ ጀልበኞቹ እንላቸዋለን። የመጀመሪያውን ዓመት እንዲሁ ሲገፋፉ ሳይ ከረምኩ። በእጅ የሚያዝ፣ እንደ ፓፓያ የሾለ ነገር «ፉትቦል» ሲሉት ሳቅ እያመለጠኝ ሌስተር ይቆጣኝ ነበር። ግን የስፖርት መምህር ነኝና ቀስ በቀስ ገባኝ። ነገሩ ቀላል ነው። አራት ሙከራ አላቸው፤ በአራቱ አስር ያርድ ካልገፉ ኳሱን ያስረክባሉ። ኳርተርባክ የሚባለው ልጅ ኳሱን ይቀበልና የሚወረውርለትን ሰው ይፈልጋል። እሱ ሲፈልግ አምስት ግዙፍ ሰዎች ከፊቱ ተሰልፈው ይጠብቁታል። ከአምስቱ ዋናው በግራ ጫፍ የሚቆመው ነው። ኳርተርባኩ በቀኝ እጁ ሊወረውር ሲዘጋጅ ጀርባው ወደዚያ ይዞራል፤ ከዚያ በኩል የሚመጣበትን አያይም። ያ ሰው ከሌለ ልጁ ዓይኑን ታስሮ መንገድ መሀል እንደቆመ ነው።

የጀልበኞቹ ኳርተርባክ ዌንደል ይባላል። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሲወረውር ኳሱ የት እንደሚወርድ ቀድሞ የሚያይ ልጅ። እኔ ተማሪዎቼ መካከል እንደሱ ዓይነት ዓይን ያላት አንዲት ልጅ ብቻ ነው ያጋጠመችኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው የቡድን ባለቤት ምን ያደርጋል? ይጠብቀዋል። የእኛ ባለቤት ምን አደረገ? በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ ሊጀመር ሲል በግራ በኩል የሚቆመውን አንጋፋ «አርጅቷል፣ ተወዷል» ብሎ አሰናበተው! በቦታው ሌላ ቡድን ያልፈለገውን ልጅ አቆመ። ሌስተር እንኳ ቴሌቪዥኑ ላይ ካልሲውን ወረወረ።

አሰልጣኙ ደግሞ የባሰ ነው። መከላከያህ ሳስቷል፣ እሺ፤ እንግዲያው ኳሱን አቅፎ ለሚሮጠው ሯጭ ስጥና በመሬት ግፋ። እሱ ግን ሁለት ያርድ ብቻ ሲቀራቸው እንኳ ረጅም ውርወራ ያዛል። ረጅም ውርወራ ጊዜ ይፈልጋል። ዌንደል ጊዜ የለውም። በየጨዋታው ከመሬት ሲነሳ እያየሁ «ስጠው ለሯጩ! አንተ ደንቆሮ!» ብዬ በአማርኛ እጮሃለሁ። ያም ሆኖ ያሸንፋሉ፤ ያበሳጨኝ ይሄ ነው። ልጁ በወደቀ ቁጥር ይነሳል፣ ተነስቶ ያሸንፍላቸዋል፣ ስለዚህ ማንም ምንም አይለውጥም። ከተማው አበደ። እኔ ምግብ የማድልበት ትምህርት ቤት ሕፃናቱ ሁሉ የእሱን ቁጥር ለብሰው ይመጡ ጀመር።

ግርማ የሚሠራው ሌስተር ጡረታ በወጣበት ሥጋ ፋብሪካ ነው። በሰንሰለት ተንጠልጥሎ የሚያልፈውን በሬ ቢላ ይዞ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ይቆርጣል፤ ያው እንቅስቃሴ፣ ቀኑን ሙሉ። የዚያን መኸር ከጎኑ የሚቆመውን ሰው አነሱትና ሰንሰለቱን አፈጠኑት። ብዙም ሳይቆይ ቀኝ ትከሻው ማታ ማታ ያስጮኸው ጀመር። እንግሊዝኛው እንዳያንሰው ብዬ ከሥራዬ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ አብሬው ሄድኩ። ነርሷ ቀና ብላም አላየችን።

«ከአንድ እስከ አስር ሕመምህ ስንት ነው?»

ግርማ አሰበ። «ስንት ስል ነው የምታሳርፉኝ?»

«እንደሱ አይደለም። የሚሰማህን ተናገር።»

«ስምንት።»

«ለስምንት ማስታገሻና በረዶ እሰጥሃለሁ።»

«ለአስርስ?»

«ለአስርም ማስታገሻና በረዶ። ከዚያ ነገ ተመልሰህ ትመጣለህ።»

«ወደ እርስዎ?»

«ወደ ሥራ» አለችው።

እንደወጣን ግርማ በረዶውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሳቀ። «አንድ ብላትም ያው ነበር» አለኝ። እኔ አልሳቅኩም። ሐረር ጤና ጣቢያ ወረፋው ያሰለቻል፣ መድኃኒት የለም ይሉሃል፣ ግን ዶክተሩ ቢያንስ ክንድህን ይዞ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ስትጮህ ይሰማሃል። እዚህ ማንም አልነካውም።

ያች እሁድ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ጀልበኞቹ እየመሩ ናቸው። ዌንደል ሊወረውር ዞረ፤ በግራ በኩል የቆመው ልጅ ታለፈ፣ እንደ ክፍት በር ታለፈ፤ አንድ ግዙፍ ሰው በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ጀርባውን መታው። ዌንደል ሲወድቅ ጭንቅላቱ መሬት ላይ ነጠረ። ሲነሳ እጆቹ ልክ አልነበሩም፤ ጣቶቹ ደርቀው ተቆላምመዋል። ከዚያ መራመድ ጀመረ፤ ወደ ተጋጣሚው ቡድን ወንበር! የራሱን ሰዎች ትቶ። አንዱ ጓደኛው ክንዱን ይዞ መለሰው። ከሜዳው ጠርዝ ያለች፣ ሐኪሞቹ የሚመረምሩባት ትንሽ ድንኳን ውስጥ አስገቡት። የመኪና ማስታወቂያ መጣ፣ የጉንፋን መድኃኒት ማስታወቂያ መጣ፣ ከዚያ ዌንደል ሄልሜቱን አጥልቆ ሜዳ ላይ ነው። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ።

እኔም ተነሳሁ። «ለምን መለሱት? የት እንዳለ የማያውቅ ልጅ!»

ሐረር እያለሁ ሰሚራ የምትባል ተማሪዬ ኳስ ልታድን ስትወረወር ጭንቅላቷ የሲሚንቶ ምሰሶ መታ። ብድግ አለችና «መምህር፣ ውጤቱ ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ትንሽ ቆይታ ያንኑ ጠየቀችኝ። አስቀመጥኳት። አለቀሰች፤ ጓደኞቿ አለቀሱ፤ ርዕሰ መምህሩ ሳይቀር ለመነኝ፤ የፍጻሜ ጨዋታ ነበር። ተሸነፍን፣ ወላጆችም ሰደቡኝ። ደግሞ ቢመጣ አሁንም አስቀምጣታለሁ። ይህን ለማወቅ ድንኳን አያስፈልግም።

ሌስተር ግን እጁን አወናጨፈ። «ደህና ነው። ዶክተሮች አይተውታል።»

«የማን ዶክተሮች?»

«የቡድኑ ነዋ።»

ግርማ በረዶውን ትከሻው ላይ እንደያዘ ፈገግ አለ። ሌስተር ዞሮ አየው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ፋብሪካ ሠርቻለሁ» አለ። «አመመኝ ብዬ አንድ ቀን አልቀረሁም።»

«ለዚህ ነዋ ዛሬ ደረጃ የምትወርደው በቂጥህ እየተንፏቀቅክ!» አልኩት በአማርኛ።

«ምን አለች?» አለ ሌስተር።

«ለጉልበትዎ እግዚአብሔር ይማርዎ ትላለች» አለ ግርማ።

ከዚያ በኋላ ዌንደል ዌንደል አልነበረም። ቀድሞ ያይ የነበረውን ማየት ተሳነው፤ ኳሱን ለተጋጣሚ እየወረወረ ያስረክባል። ያች ስትወደው የነበረች ከተማ ጮኸችበት፤ የገዛ ሜዳው ላይ! ሬዲዮ የሚደውሉ ሰዎች «ለስላሳ ሆኗል፣ ፈርቷል» ይላሉ፣ ሶፋቸው ላይ ተጋድመው። አሰልጣኙ ሲጠየቅ «ልጁ ራሱ ልጫወት ብሏል» አለ። ሰሚራም ልጫወት ብላ ነበር እኮ! ለዚህ አይደል እንዴ አሰልጣኝ የሚቀጠረው? በመሬት አልገፋም፣ ግራውን አልደፈነም፣ ልጁን አላሳረፈም። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሰውዬ የምለው የለኝም። አለኝ፣ ግን እናቴ ይህን ታስነብባለች።

ግርማን በእኔ ሥራ ኢንሹራንስ ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ይኼኛው ክንዱን ይዞ አነሳው። ጅማቱ ተበጥሷል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል፣ እስከዚያ መሥራት የለበትም አለ። ወረቀቱን ለፋብሪካው አለቃ ወሰድን።

«ይሄ የእኛ ሐኪም አይደለም» አለ አለቃው።

«ትከሻው ግን የእናንተ ነው» አልኩት። «እዚህ ነው የተበጠሰው።»

«ቀላል ሥራ እንሰጠዋለን» አለ። ቀላሉ ሥራ እዚያው ሰንሰለት ላይ በግራ እጅ መቁረጥ ነበር። እኔ ተው አልኩ፣ ለመንኩ፣ ተጣላን። ግርማ ግን ቤት መዋልን ፈራ። «ወንድ ልጅ ቤዝመንት ውስጥ ተቀምጦ ጣሪያ ሲያይ ይዋል?» እያለኝ ሄደ። ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ፣ የኦፕራሲዮኑም ቀጠሮ ገና ስለነበር፣ «አገር ቤት ሄደን ገናን እንዋል» አልኩት። እምቢ አላለም። ለእማዬ ምንም እንዳልነግራት ግን አስማለኝ።

ሐረር ስንደርስ አየሩ ብቻውን አስለቀሰኝ። ደረቅ፣ ፀሐያማ፣ ከሸዋ በር በኩል የተጠበሰ በርበሬ የሚሸት። የውድድሩ የመጨረሻ ጨዋታ የዋለው ከገና በፊት ባለው እሁድ ነው፤ ካሸነፉ ወደ ጥሎ ማለፉ ያልፋሉ። አሜሪካ ከሰዓት ሲሆን ሐረር ከእራት በኋላ ነው። የጾም ሽሯችንን በልተን ታናሽ ወንድሜ ዳኒ ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፎ ከፈተልን። ዳኒ ቡና መጋዘን ውስጥ ጭነት ተሸካሚ ነው፤ ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሳ ጎረምሳ። በዚያው ዓመት ዲቪ ደርሶት ለቃለ መጠይቅ እየተጠባበቀ ነበርና ስለ አሜሪካ የሆነ ሁሉ ደስ ይለዋል። እማዬም ጋቢዋን ለብሳ አብራን ተቀመጠች።

«ይሄ ሁሉ ሰው በምን ተጣልቶ ነው?» አለች።

«ኳስ ነው እማዬ።»

«ኳሱ የታለ?»

«ከሰዎቹ ሥር።»

«ታዲያ ለምን አንድ አንድ አይሰጧቸውም?»

ዳኒ በሳቅ ሞተ። ኔትወርኩ እየተቆረጠ እየቀጠለ እስከ መጨረሻው አየን። እኩል ለእኩል ናቸው፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። ሦስተኛ ሙከራ፣ ሁለት ያርድ። እናንተ፣ ሁለት ያርድ! ሁለት ርምጃ! አሰልጣኙ አሁንም ውርወራ አዘዘ። ዌንደል ዞረ። በግራ በኩል መጡበት። ስዕሉ ደረቀ፤ ተመልሶ ሲንቀሳቀስ ዌንደል መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ አንድ እግሩ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ጓደኞቹ ተንበርክከዋል። አልጋ የጫነች ትንሽ መኪና ሜዳ ውስጥ ገባች።

እማዬ አማተበች። «እናቱ የት ናት?» አለች። «ይህን እያየች ነው?»

ካሜራው ያሳየን እናቱን አይደለም፤ መስተዋት ቤት ውስጥ የቆመውን የቡድኑን ባለቤት ነው። ከዚያ ሜዳው ተጠረገ፣ አንድ ትንሽ ሰውዬ ወጥቶ ኳሱን በእግሩ መታው፣ በሁለቱ እንጨቶች መካከል አለፈ፤ ይሄም ነጥብ ያስቆጥራል። አሸነፉ። የልጁ ላብ ሳይደርቅ ተቃቅፈው ዘለሉ።

«አሸነፋችሁ! አለፋችሁ እኮ!» ብሎ ዳኒ ግርማን በደስታ ትከሻው ላይ መታው። ቀኙን።

ግርማ ጮኸ። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ወዲያው አፉን ያዘና «ምንም አይደል፣ ጡንቻ ነው፣ ብዙ ስለተቀመጥን ነው» እያለ ወደ ግቢ ወጣ። እማዬ እሱን አየች፣ እኔን አየች። ምያለሁና ስልኩን አጠፋሁ።

የገና ዕለት ጠዋት በጉ ተጎትቶ መጣ። ጎረቤት ተሰብስቧል። አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤቱ አባወራ ግርማ ነውና እማዬ ቢላውን ለእሱ ሰጠችው። «አንተማ ዛሬ ሥራህ ነው፣ አሜሪካ የምትውለው በዚሁ አይደል!» አለ አንዱ ጎረቤት። ግርማ ቢላውን በግራ እጁ ተቀበለ፣ ቆም አለ፣ ከዚያ ለዳኒ አቀበለው። «ኧረ እኔ ደም ሰልችቶኛል፣ ዛሬ እንኳ ልረፍ!» ሰዉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ፊቱን አየሁት፤ ያን ከነርሷ ዘንድ ስንወጣ የሳቀውን ሳቅ ነው የሚስቀው። መሐላዬ እዚያ ላይ አለቀ።

«እጁ አይነሳም!» አልኩ። «አልሰለቸውም፤ እጁ አይነሳም! ጅማቱ ተበጥሶ፣ አመመኝ እያለ መልሰው ሰንሰለት ላይ አቆሙት! እሱም ይሄዳል! ካልሄድኩ ወንድ አይሉኝም ብሎ!»

ግርማ ቀና ብሎ አላየኝም። እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ከዚያ ወደ እሱ ሄዳ ሸሚዙን ከትከሻው ገለጥ አድርጋ አየችው። የሚታይ ነገር የለውም እኮ፤ ቁስል የለው፣ እብጠት የለው።

«ለምን ደበቅከኝ ልጄ?»

«እርስዎ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው እማማ።»

«እኔ ታዲያ ሳልጨነቅ የዋልኩበት ቀን ያለ መስሎህ ነው?» አለችው። ዳኒ ቢላውን እንደያዘ ቆሞ ይሰማ ነበር። ቆይቶ በጉን አረደ፤ ጥሩ አድርጎ አረደ።

ተመለስን። ጀልበኞቹ በጥሎ ማለፉ ያለ ዌንደል ገብተው ተዋርደው ወጡ፤ የወጡት ግን ገና መኸር ላይ ነው፣ ያንን አንጋፋ ያባረሩ ቀን። ባለቤቱ መግለጫ ሲሰጥ ዌንደልን «እውነተኛ ተዋጊ» አለው። ወር ሳይሞላ አሰናበቱት። ሌላ ወጣት ሊያመጡ ነው ይባላል፤ ግራው አሁንም ክፍት ነው። ሌስተር ዜናውን አብሮኝ ሰማ። እጣላዋለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ጉልበቱን እያሸ «አንድ ቀን እንኳ መቅረት ነበረብኝ» አለኝ።

ግርማ ኦፕራሲዮኑን አድርጓል። እጁ እስከ ደረቱ ድረስ ይነሳል፤ ከዚያ በላይ እምቢ ብሏል። ፋብሪካው ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል አለው። ቀን ቀን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የጎማ ገመድ ይጎትታል፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው።

ባለፈው እሁድ ስልክ ተደወለ። ዳኒ ነው፤ ከኋላው ቤቱ በእልልታ ተሞልቷል። «ቪዛ መቱልኝ! ግርምሽን አገናኚኝ!» ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መካከላችን አስቀመጥኩት።

«ግርምሽ፣ ለአለቃህ ንገርልኝ አቦ! እዚያው አንተ የነበርክበት ያስገባኝ።»

«ዳኒ፣ አይተኸኛል እኮ» አለው ግርማ።

«አይቻለሁ። አንተ እኮ መሪ ይዘህ ተቀምጠህ የኖርክ ሰው ነህ። እኔ ኩንታል ተሸካሚ ነኝ፤ ምንም አልሆንም!»

ግርማ እኔን አየኝ። እማዬ ስልኩን ተቀበለች። «አስቱ፣ ወንድምሽን ትቀበይዋለሽ አይደል?»

የውድድሩን ወራት ሁሉ የማይሰማኝ ቴሌቪዥን ላይ ስጮህ የከረምኩ ሴት፣ የሚሰማኝ ሰው ስልክ ላይ ሲጠይቀኝ ድምፅ አጣሁ።

«አስቱ? አለሽ?»

«ይምጣ እማማ» አላት ግርማ በእኔ ፈንታ። «እንቀበለዋለን።» እልልታው እንደገና ቀለጠ።

«እማዬ፣ ፋብሪካው ግን አይገባም!» ብዬ ጮህኩ ያን ጊዜ። «አይገባም በይው! ሌላ ሥራ እኔ እፈልግለታለሁ፣ ሰማሽኝ? እማዬ!»

ከእልልታው በቀር የሰማሁት የለም። ኔትወርኩ ሲቆረጥ ሰምታኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ደጋግሜ ብደውልም አልገባ አለኝ።